ሽጉጥ ታጥቆ የመንቀሳቀስ መብት በአሜሪካ፦ የሹም ችሮታ ወይስ የዜጋ መብት?

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ታክሲ ነጂ እናስብ። የአሜሪካ ዜግነት ወስዷል፣ የወንጀል ሪከርድ የለበትም፣ ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ የሚያስችለውን ፈቃድም ከአካባቢው ፍርድ ቤት አውጥቷል። የሌሊት ፈረቃ ሲገባ ሽጉጡን በጃኬቱ ሥር ታጥቆ ነው። አንድ ምሽት ተሳፋሪ ይጭንና የ14ኛው ጎዳና ድልድይን ይሻገራል። መንገዱ ካልተጨናነቀ መሻገሪያው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ማዶ ሲደርስ ግን ሕግ አክባሪው ሰው ወንጀለኛ ሆኗል። ዋሽንግተን ዲሲ የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበልም፤ የከተማው ፈቃድ ሳይኖር ሽጉጥ ይዞ መገኘት እስከ 5 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ነው። እንዲያውም የፖቶማክ ወንዝ ራሱ በዚያ በኩል የዲሲ ይዞታ ስለሆነ ሰውየው ወንጀለኛ የሆነው ገና ድልድዩ ላይ ሳለ ነው። ወደ ሜሪላንድ ቢዘልቅም መፍትሔ አያገኝም፤ ሜሪላንድም የሌላ ግዛት ፈቃድ አታውቅም።

ነገሩ ለአዲስ አበባ አንባቢ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዋሽንግተንና ዙሪያዋ ከአገር ውጭ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ቦታዎች ዋነኛው ነው። እዚያ ካሉት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ኑሮን የጀመሩት ታክሲ በመንዳት፣ በነዳጅ ማደያ ሌሊቱን በማደር፣ በመኪና ማቆሚያና በመጠጥ መሸጫ ሱቅ (እነሱ “ሊከር ስቶር” ይሉታል) በመሥራት ነው። ጥሬ ገንዘብ የሚያዝባቸው፣ በሌሊት የሚሠራባቸው፣ ሰው ብቻውን የሚሆንባቸው ሥራዎች ናቸው። በዝርፊያ ላይ ስለተገደለ ሰው መርዶ ያልደረሰበት እድር በዚያ አካባቢ የሚገኝ አይመስለንም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። ወንጀል ያልሠራ፣ አእምሮው የተስተካከለ፣ ሥልጠና የወሰደ አዋቂ ሰው ራሱን ለመከላከል ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ሕጋዊ መብት ሊኖረው ይገባል። ይህን መብት የሚሰጠውና የሚነሳው የአንድ ሹም ፈቃድ መሆን የለበትም። አቋሙን የማይጋሩ አንባቢዎች ብዙ እንደሚሆኑ እናውቃለን፤ ቢያንስ ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰና ክርክሩ ምን እንደሚመስል ማወቅ ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የአገራችን መሆናቸው ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት ዓይነት ሕግ

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ሽጉጥ ቤት ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ ታጥቆ ከቤት መውጣት ሌላ ነው። መውጣቱም ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ሰው እያየው በግልጽ መታጠቅ ሲሆን ሌላው በልብስ ሥር ደብቆ መያዝ ነው። በጥንቱ የአሜሪካ አስተሳሰብ የተከበረው የፊተኛው ነበር። ጨዋ ሰው በግልጽ ይታጠቃል፣ የሚደብቅ ተንኮል ያሰበ ነው ይባል ስለነበር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብዙ ግዛቶች ደብቆ መያዝን ከልክለው ፍርድ ቤቶችም ክልከላውን ሲያጸኑ ኖረዋል። የመብቱ ተቃዋሚዎች ይህን ሲጠቅሱ ታሪኩን አላዛቡም። በእኛም አገር ቢሆን ጠመንጃ በትከሻ የሚነገት ጌጥ እንጂ በብብት የሚሸሸግ ነገር ሆኖ አልኖረም።

የዛሬው የከተማ ኑሮ ግን ነገሩን ገልብጦታል። በሱፐርማርኬት ሰልፍ ላይ ሽጉጥ በግልጽ ታጥቆ የቆመ ሰው ሌላውን ያስደነግጣል፣ ሕፃናትን ያስፈራል፣ ለዘራፊም ቢሆን መጀመሪያ ማንን መምታት እንዳለበት ያመለክተዋል። የተደበቀ ሽጉጥ ደግሞ ባልታጠቁት ላይም ጥላውን ይጥላል። ዘራፊው ከአሥሩ ሰዎች የታጠቀው የትኛው እንደሆነ ስለማያውቅ አሥሩንም ሊፈራ ይችላል። የመብቱ ደጋፊዎች ዋነኛ ነጥብ ይኸው ነው።

ደብቆ መያዝን በተመለከተ የአሜሪካ ግዛቶች በሦስት መንገድ ሄደዋል። አንደኛው “ሹሙ ቢወድ ይሰጣል” የሚባለው ነው፤ አመልካቹ ከሌላው ሰው የተለየ ምክንያት እንዳለው ለፖሊስ አዛዡ ወይም ለዳኛው ማስረዳት አለበት፣ ምክንያቱ በቂ ነው አይደለም የሚለውም የሹሙ ፈንታ ነው። ሁለተኛው “ያሟላ ሁሉ ያገኛል” የሚባለው ነው፤ በሕግ የተዘረዘረውን ያሟላ ሰው ፈቃዱን ሊነፈግ አይችልም። ፍሎሪዳ በ1987 ይህን መንገድ ስትከተል ሌሎች በርካታ ግዛቶችም ተከትለዋታል። ሦስተኛው ጨርሶ ፈቃድ የማይጠይቀው ነው። ቨርሞንት ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነበረች፤ አላስካ በ2003፣ አሪዞና በ2010፣ ቴክሳስ በ2021፣ ፍሎሪዳ ራሷ በ2023 ገብተውበት በ2024 የእነዚህ ግዛቶች ቁጥር 29 ደርሷል።

የቴክሳስ ታሪክ ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። ጥቅምት 1991 ኪሊን በምትባል ከተማ አንድ ሰው መኪናውን በምግብ ቤት መስኮት ሰብሮ አስገብቶ 23 ሰዎችን ገደለ። ከተረፉት መካከል ሱዛና ሃፕ የተባለች የካይሮፕራክቲክ (የአከርካሪ አጥንት እሽት) ባለሙያ ነበረች። ሽጉጥ ነበራት፤ ግን የግዛቷ ሕግ ታጥቆ መሄድን ስለሚከለክል መኪናዋ ውስጥ ትታው ገብታ ነበር። አባቷና እናቷ በዚያች ቀን ተገደሉ። ሃፕ ከዚያ በኋላ ሕጉ እንዲለወጥ በየመድረኩ መሰከረች፤ የወቅቱ አገረ ገዥ ጆርጅ ቡሽ (ልጅዬው) በ1995 አዲሱን ሕግ ፈረሙ፤ እሷም በቀጣዩ ዓመት ለግዛቱ ምክር ቤት ተመረጠች። ሽጉጧ አብሯት ቢሆን ኖሮ ወላጆቿ ይተርፉ ነበር ወይ? ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። እሷም የምትለው የመሞከር ዕድሏን ሕጉ እንደነጠቃት ነው።

ፍርድ ቤቱ እንዴት እዚህ ደረሰ?

መነሻው በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሲሆን ስለ ሚሊሺያ አስፈላጊነት ጀምሮ ሕዝቡ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብቱ እንዳይደፈር ብሎ ያበቃል። ታዲያ መብቱ የሚሊሺያው ነው ወይስ የእያንዳንዱ ሰው? ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ጥያቄ በቀጥታ አልመለሰም።

መልሱ የመጣው ሰኔ 2008 በዚያችው በዲሲ ጉዳይ ነው። ከተማዋ ከ1976 ጀምሮ ነዋሪዎቿ ሽጉጥ ቤታቸው እንዳያስቀምጡ ከልክላ ነበር። ዲክ ሄለር የተባለ የጥበቃ ሠራተኛ ቀን ቀን የመንግሥት ሕንፃ ሲጠብቅ ሽጉጥ ይታጠቃል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ለራሱ ቤት ሽጉጥ ማስመዝገብ አይፈቀድለትም። የመንግሥትን ወረቀት ለመጠበቅ የታመነ ሰው የራሱን በር ለመጠበቅ አልታመነም ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ መብቱ የግለሰብ ነው አለ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ መብቱ ገደብ የለሽ እንዳልሆነም አስፍረዋል፤ በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸውንና የአእምሮ ሕሙማንን መከልከል፣ በትምህርት ቤትና በመንግሥት ሕንፃ መሣሪያ እንዳይገባ ማድረግ ይቻላል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ነገሩ ወደ ቺካጎ ተሻገረ። ከሳሹ ኦቲስ ማክዶናልድ የሚባሉ፣ ከሉዊዚያና ተሰደው የመጡ ጥቁር አሜሪካዊ ጡረተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል፣ ሰፈራቸውን የወሮበላ ቡድኖች ወረውታል፣ ቤታቸው በተደጋጋሚ ተሰብሯል። ከተማው ግን ከ1982 ጀምሮ ሽጉጥ ከልክሏል። ፍርድ ቤቱ ሰኔ 2010 ማሻሻያው ፌዴራል መንግሥቱን ብቻ ሳይሆን ግዛቶችንና ከተሞችንም እንደሚያስር ወሰነ።

እስከዚህ የተወሰነው ስለ ቤት ነው። ከቤት ውጭስ? ብዙ ሰው የሚዘረፈውና የሚደበደበው መንገድ ላይ ነውና ጥያቄው አይቀሬ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 2022 የኒው ዮርክ ሕግ የተሻረበት ውሳኔ በ6 ለ3 ድምፅ ተሰጠ። ከሳሾቹ ሁለት ተራ ሰዎች ነበሩ። አንደኛው በሰፈሩ ተከታታይ ዝርፊያ መፈጸሙንና ሥልጠና መውሰዱን ገልጾ ቢያመለክትም ይህ “በቂ ምክንያት” አይደለም ተብሎ ነበር። ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በጻፉት ውሳኔ፣ ሰው ሌላውን ሕገ መንግሥታዊ መብቱን ለመጠቀም የተለየ ችግር እንዳለበት ለሹም አስረድቶ አያውቅም፤ ለዚህ ብቻ ለምን ይጠየቃል የሚል ሐሳብ ሰፍሯል። በዚህ ውሳኔ የኒው ዮርክን ዓይነት ሕግ የነበራቸው ካሊፎርኒያ፣ ኒው ጀርሲ፣ ማሳቹሴትስ፣ ሃዋይና ሜሪላንድም ነካ ነካ ተደረጉ። ዲሲ እንኳ ቀደም ብላ በ2017 በይግባኝ ተሸንፋ “በቂ ምክንያት” የሚለውን ትታለች።

የሹሙ ፈቃድ ለማን ይሰጥ ነበር?

በዚህ ጸሐፊ አመለካከት የክርክሩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ስለ ወንጀል አኃዝ ያለው ንትርክ አያልቅም፤ ፈቃድ በሹም እጅ ሲሆን ምን እንደሚከተል ግን ታሪኩ በግልጽ ተመዝግቧል።

የኒው ዮርኩ ሕግ የወጣው በ1911 ሲሆን ስሙም ያወጡት የፖለቲካ ሰው የቲሞቲ ሱሊቫን ነው። ጊዜው ከጣሊያንና ከምሥራቅ አውሮፓ ስደተኛ የሚጎርፍበት፣ ጋዜጦቹም ስደተኛውን በሽጉጥና በጩቤ የሚስሉበት ነበር። ሕጉ በወጣ ሰሞን ወህኒ ከወረዱት አንዱ “ጥቁር እጅ” ከሚባለው የአስፈራሪዎች ቡድን ራሴን ለመከላከል ነው የያዝኩት ያለ ጣሊያናዊ ሠራተኛ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ በ2017 የከተማው ፖሊስ የፈቃድ ክፍል ባልደረቦች የነበሩ ሰዎች ለፈቃድ ጉቦ ተቀብለዋል ተብለው በፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ተከሰሱ። ይህ ለእኛ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። መሥፈርቱ “ሹሙ ካመነበት” የሚል ከሆነ ሹሙን ለማሳመን ገንዘብና ዘመድ ያለው ሰው ይቀድማል።

በደቡቡ ደግሞ ነገሩ የቆዳ ቀለም ነበር። የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ቡፎርድ በ1941 በአንድ ጉዳይ ላይ በሰጡት የተለየ አስተያየት፣ የግዛቱ የመሣሪያ ፈቃድ ሕግ የወጣው ጥቁር የጉልበት ሠራተኞችን ትጥቅ ለማስፈታት እንደነበረና በነጮች ላይ እንዲሠራ ታስቦ እንደማያውቅ በግልጽ ጽፈዋል። ጥር 1956 በሞንትጎመሪ፣ አላባማ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት ቦምብ ተወረወረበት። ባለቤታቸውና ጨቅላ ልጃቸው ውስጥ ነበሩ። ኪንግ ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ አመለከቱ፤ ሹሞቹ ከለከሏቸው። ቤቱ በቦምብ የተመታ ሰው “በቂ ምክንያት” የለውም ከተባለ ማን ይኖረዋል? ኪንግ በኋላ መሣሪያን ከነጭራሹ ትተው የሰላማዊ ትግል መምህር መሆናቸው ይታወቃል፤ ያ ግን የእሳቸው ምርጫ እንጂ የአላባማ ሹሞች ውለታ አልነበረም።

በ2022ቱ ጉዳይም ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር ነበር። ኒው ዮርክን በመቃወም ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አስተያየት ካስገቡት መካከል ለድሆች ያለ ክፍያ የሚቆሙ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች ይገኙበታል። እነዚህ ሰዎች የመሣሪያ አምራቾች ወዳጆች አይደሉም፤ አብዛኞቹ በፖለቲካቸው ግራ ዘመም ናቸው። ያሉት ግን ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ይዛችኋል ተብለው የሚታሰሩት ደንበኞቻችን ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥቁሮችና ላቲኖዎች ናቸው፤ ፈቃዱን የሚያገኙት ሌሎች፣ እስር ቤት የሚገቡት እነሱ ናቸው የሚል ነበር።

በአገራችንም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተመሠረተው በፈቃድ ላይ ነው። የአሜሪካንን መንገድ እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ እናምጣ የሚል ሐሳብ እዚህ አልቀረበም፤ የሁለቱ አገሮች ሁኔታ በጣም የተለያየ ነው። ነገር ግን ፈቃድ ሲከለከል ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣል ወይ፣ የተከለከለው ሰውስ ወዴት አቤት ይላል የሚለው ጥያቄ አዲስ አበባም ላይ ሆኖ ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

ፖሊስ ካለ ሽጉጥ ለምን?

የተለመደው መልስ “ለዚህ ፖሊስ አለ” የሚል ነው። የአሜሪካ ሕግ በዚህ ላይ የሚለው ብዙዎችን ያስደነግጣል። በ1975 በዲሲ ሁለት ሰዎች በሌሊት አንድ ቤት ሰብረው ገቡ። ላይኛው ፎቅ የነበሩት ሴቶች ሁለት ጊዜ ፖሊስ ጠሩ። በመጀመሪያው ጥሪ የመጡት ፖሊሶች በሩን አንኳኩተው መልስ ሲያጡ ሄዱ፤ ለሁለተኛው ማንም አልመጣም። ሴቶቹ ለ14 ሰዓታት ተደፈሩ፣ ተደበደቡ። ከተማውን ሲከሱ የዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1981 የሰጠው ፍርድ የፖሊስ ግዴታ ለሕዝቡ በጠቅላላው እንጂ ለአንድ ለተለየ ሰው አይደለም የሚል ሆነ። ክሱ ውድቅ ተደረገ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2005 ተመሳሳይ ነገር አለ። በኮሎራዶ የአንዲት እናት የቀድሞ ባል ከፍርድ ቤት የእገዳ ትእዛዝ ተሰጥቶበት ሳለ ሦስት ሴት ልጆቿን ወሰደባት። ፖሊስ ትእዛዙን እንዲያስፈጽምላት ሌሊቱን ሙሉ ደጋግማ ለመነች። አላስፈጸመም፤ ሦስቱም ልጆች ተገደሉ። ፍርድ ቤቱ በ7 ለ2 ድምፅ ፖሊስ ትእዛዙን እንዲያስፈጽምላት የመጠየቅ ሕገ መንግሥታዊ መብት የላትም አለ።

እዚህ ላይ ፖሊሶችን መኮነን አንፈልግም። አብዛኞቹ ሲጠሩ ይመጣሉ፣ ብዙዎችም በሥራ ላይ ሞተዋል። ነጥቡ የሕግ ነጥብ ነው። መንግሥት እንዲያድንህ ልትጠይቀው አትችልም፣ ራስህንም የምታድንበትን አትይዝም ማለት ሁለቱ አብረው ሊቆሙ የሚችሉ አይመስለንም። አንዱ ከቀረ ሌላው መኖር አለበት።

አኃዙ ምን ይላል?

ተቃዋሚዎቹ ጠንካራ ነገር አላቸውና አንሸሽገው። በ2023 በአሜሪካ ከ46 ሺሕ በላይ ሰዎች በጦር መሣሪያ ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ27 ሺሕ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ይህ ቁጥር ስለ ዘራፊ ሲወራ ይረሳል። ቤት ውስጥ ያለ ሽጉጥ ከማንም በላይ የሚያሰጋው ራሱን ባለቤቱንና ቤተሰቡን ነው፤ ለመጠጥ የተሸነፈ ወይም ጭንቀት የያዘው ሰው ባለበት ቤት ሽጉጥ ባይኖር ይሻላል። ባለሽጉጦች ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ፤ መቆጣታቸው ግን እውነቱን አይለውጠውም።

ደብቆ መያዝ ራሱ ወንጀልን ይቀንሳል ወይስ ያበዛል በሚለው ላይ ምሁራን አልተስማሙም። የኢኮኖሚ ባለሙያው ጆን ሎት በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ ይቀንሳል አለ። በ2004 የአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ያቋቋመው ኮሚቴ ማስረጃውን መርምሮ ይህም ያም አልተረጋገጠም ሲል አንድ አባሉ፣ ጄምስ ኪው. ዊልሰን፣ ልዩነታቸውን አስመዘገቡ። በ2019 ደግሞ የስታንፎርዱ ጆን ዶኖሁና ባልደረቦቹ ፈቃድን ለሁሉ የከፈቱ ግዛቶች ከአሥር ዓመት በኋላ የኃይል ወንጀላቸው እንዲያ ባያደርጉ ይሆን ከነበረው ከ13 እስከ 15 በመቶ ከፍ ብሎ እንደተገኘ ጻፉ። የዶኖሁ ጥናት በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። ከሚሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ከመኪና የሚሰረቀው ሽጉጥ መብዛቱ ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ መፍትሔው ግን ሽጉጥን መኪና ውስጥ ትቶ መሄድን መቅጣት እንጂ መብቱን መንሳት ነው ብለን አናምንም።

በሌላው በኩል ፈቃድ ያወጡት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ማየት ያስፈልጋል። የቴክሳስ የሕዝብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ከተፈረደባቸው ሰዎች ውስጥ ፈቃድ ያላቸውን እየለየ ያወጣል፤ ድርሻቸው ሁልጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። የሚያስገርም አይደለም። አሻራውን ሰጥቶ፣ ከፍሎ፣ ክፍል ገብቶ የተማረ ሰው ዘራፊ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው። በዚህ ምክንያት ይህ ጸሐፊ “ያሟላ ሁሉ ያገኛል” የሚለውን ሲደግፍ ፈቃድን ጨርሶ ማስቀረትን አይደግፍም። ሜሪላንድ የምትጠይቀው የ16 ሰዓት፣ ዲሲ የምትጠይቀው የ18 ሰዓት ሥልጠና ከባድ ነው የሚሉ አሉ። መንጃ ፈቃድም ሥልጠና ይፈልጋል።

በሕይወት የታዩት ገጠመኞችም ወደ ሁለቱም ወገን ያመዝናሉ። ሐምሌ 2022 በግሪንውድ፣ ኢንዲያና የገበያ ማዕከል አንድ ሰው መተኮስ ሲጀምር የ22 ዓመት ወጣት በ15 ሰከንድ ውስጥ፣ 40 ያርድ ያህል ርቀት ላይ ሆኖ ጣለው። እስከዚያ ሦስት ሰዎች ሞተዋል፤ ባይኖር ኖሮ ስንት እንደሚሆኑ አይታወቅም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ በአርቫዳ፣ ኮሎራዶ ፖሊስ የገደለን ታጣቂ መትቶ የጣለ ዜጋ፣ ዘግይቶ የደረሰ ሌላ ፖሊስ ገዳዩ እሱ መስሎት ተኩሶ ገደለው። ሽጉጥ የሚታጠቅ ሰው የሁለተኛውን ታሪክ ከመጀመሪያው አስበልጦ ቢያስታውስ ይጠቅመዋል።

ለወገኖቻችን ማወቅ የሚገባው

መብቱ ለዜጋ ብቻ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው ቋሚ ነዋሪ በፌዴራል ሕግ ሽጉጥ መግዛትና መያዝ ይችላል። በቱሪስት፣ በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች (ለምሳሌ የአደን ፈቃድ) በቀር አይችልም፤ ያለ ሕጋዊ ወረቀት የሚኖርም እንዲሁ። ለስደተኛ ይህን መተላለፍ እስራት ብቻ ሳይሆን ከአገር መባረርንም ሊያመጣ ይችላል።

በእኛ ሰዎች ዘንድ የማይታሰበው ሌላ ነገር ጫት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ ዝርዝር ተመድቧል። የመሣሪያ መግዣው ቅጽ ደግሞ የተከለከለ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። በዕፅ ተጠቃሚዎች ላይ የተጣለው ክልከላ ስፋት በየፍርድ ቤቱ ሲያከራክር የቆየ ቢሆንም ቅጹ ላይ መዋሸት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የፕሬዚዳንት ባይደን ልጅ ሰኔ 2024 ጥፋተኛ የተባለው በዚሁ ቅጽ ነው። እሱን አባቱ በምሕረት አወጡት፤ ሌላው ሰው እንዲህ ያለ አባት የለውም።

ፈቃድ ማግኘትም የትም ይዞ መግባት አይደለም። በዲሲ በሜትሮ ባቡር ሽጉጥ ይዞ መሳፈር የተከለከለ ነው። በቨርጂኒያ ሽጉጥ ደብቆ መጠጥ ወደሚሸጥ ምግብ ቤት የገባ ሰው መጠጣት አይችልም። የግል ድርጅት ባለቤትም ሠራተኛው ታጥቆ እንዳይገባ ሊከለክል ይችላል፤ ስለዚህ በሌሊት ማደያ የሚያድረው ሰው ፈቃዱን ኪሱ ይዞ ያለ ሽጉጥ ሊቀመጥ ይችላል። ግዛት ለሚያቋርጥ ደግሞ የ1986ቱ ፌዴራል ሕግ አንድ መውጫ ይሰጣል፤ በሚነሣበትም በሚደርስበትም ቦታ መያዝ የሚፈቀድለት ከሆነ ጥይቱን አውጥቶ፣ እጁ ከማይደርስበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከኋላ ሻንጣ ውስጥ ቆልፎ ማለፍ ይችላል።

የመጨረሻው ነገር መቼ ይተኮሳል የሚለው ነው። በአገራችን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል፣ አንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ስላለፈ መከላከል እንደሚደነግጉት ሁሉ፣ እዚያም ልክ አለው፤ ልኩ ግን ድልድይ በተሻገሩ ቁጥር ይለያያል። በሜሪላንድ ከቤቱ ውጭ ያለ ሰው ሳይጎዳ ማፈግፈግ ከቻለ ማፈግፈግ አለበት። በቨርጂኒያ ጠቡን ያልጀመረ ሰው ይህ ግዴታ የለበትም። ዲሲ መሐል ላይ ናት፤ ግዴታ ባይኖርም ዳኞቹ “መሸሽ ይችል ነበር ወይ?” ብለው ሊመዝኑበት ይችላሉ። ገንዘቡን ይዞ ወደ በሩ በሚሮጥ ሰው ጀርባ ላይ የተተኮሰ ጥይት ግን በሦስቱም ቦታ ራስን መከላከል አይባልም፤ ተኳሹ የዘረፋው ተበዳይ መሆኑ ቀርቶ በነፍስ ግድያ ተከሳሽ ይሆናል።